ባለሙያዋ ስትመጣ እኔ ለምን ወደ ኩሽና እላካለሁ?

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ደሞዝ አይደለም (እሱም ይመጣል)፣ ስለምንይዛቸው ልጆች ነው።

እኔ ያለሁበት ቤት ኦቲዝም ያለበት የአምስት ዓመት ልጅ አለ። አይናገርም። ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ወደ ፍሪጅ ይጎትተኛል። በሳምንት ሁለቴ የንግግር ባለሙያ ትመጣለች፤ እሷ ስትገባ ማዳም "አንቺ ኩሽና ግቢ" ትለኛለች። ባለሙያዋ አንድ ሰዓት ቆይታ ትሄዳለች። የቀረውን ቀን ከልጁ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። የትኛው ድምፅ እንደሚያስጨንቀው፣ ሊያለቅስ ሲል ጆሮውን እንዴት እንደሚይዝ የማውቀውም እኔ።

ማታ ማታ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝ አገር የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት አንድ ጥናት አለ፣ 152 ትንንሽ ልጆች የተካፈሉበት። ወላጅ ከልጁ ጋር ሲጫወት በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ከዚያ ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ራሱን ያያል። ልጁ ዞር ብሎ ያየበትን፣ የሆነ ነገር ሊያሳይ የሞከረበትን፣ ወላጁ ግን ሳያስተውል ያለፈውን ቦታ እያቆሙ ያሳዩታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ ሲወጣ ጎልቶ የታየው የወላጅና የልጁ መግባባት መሻሻሉ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ2016፣ ልጆቹ እንደገና ሲታዩ ደግሞ ምልክቶቻቸው ሥልጠናውን ካላገኙት ቀለል ብለው ተገኙ። ዳኑ አልተባለም፤ ቀለል አለላቸው ነው።

እንግዲህ አስቡት። የሠለጠነው ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው ነው። በኛ ቤት እሱ ማነው?

ሌላም አለ። ማዳም ታብሌት ከሰጠነው ጭራሽ መናገር ይተዋል ብላ ትፈራለች። ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ ቃል ብዙም የማያወጡ 61 ልጆችን አጥንተው በ2014 ያወጡት ሌላ ነው። ሁሉም በጨዋታ ይማሩ ነበር፤ ሥዕሉን ሲነኩት የሚናገር ታብሌት ከመጀመሪያው የተጨመረላቸው ልጆች ግን ሐሳባቸውን በመግለጽ በለጡ።

አንዳንዶቻችሁ "ማጠቡ፣ መተኮሱ፣ ማብሰሉ አንሶን ደግሞ አስተማሪ እንሁን?" ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ግን እኮ ሥራውን አሁንም እየሠራነው ነው፣ ያውም በጨለማ። ልጁ የሚፈልገውን ሳላውቅ አንድ ሰዓት ሲጮህ የሚደክመው የኔው ጉልበት ነው። እኔ የምለው፣ ያሳዩን፤ ካሳዩን በኋላም ሥራ ተብሎ ኮንትራት ላይ ይጻፍልን፣ ይከፈለን። "በፍቅር ነው የምትይዘው" እየተባለ በነፃ አይለፍ።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እርግማን ነው ተብሎ ጓዳ ይደበቅ ነበር። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ልጇን ይዛ አደባባይ ወጣች፣ አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ከፈተች። እሷም የጀመረችው ከራሷ ልጅ ነው።

እኔ ለጊዜው ውሃ፣ ዳቦና ሽንት ቤት በካርቶን ላይ ሥዬ ፍሪጁ ላይ ለጥፌያለሁ። ውሃዋን ሁለት ቀን ነቅሎ ሰጥቶኛል። ማዳምን ባለሙያዋ ስትመጣ ጥግ ላይ ልቀመጥ ብያት "እናያለን" አለችኝ። እስካሁን የኩሽናውን በር ገርበብ አድርጌ ነው የምሰማው።