መብራቱና ዘይቱ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የግብፅን ቡድን «በሜዳው አስተናግዶ» 2 ለ 0 ባሸነፈ ጊዜ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባገቧቸው ሁለት ጎሎች በየቤቱና በየቡና ቤቱ የተነሣው እልልታ ገና ሳይበርድ፣ ነገሩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው ከደስታው ሥር አንድ ኀዘን ተኝቶ ይታየው ነበር፤ «ሜዳችን» የተባለው ስፍራ የሚገኘው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ሳይሆን በማላዊ ርእሰ ከተማ በሊሎንግዌ ነበርና። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን መርምሮ፣ ሣሩም ሆነ የመልበሻ ክፍሉ የተወሰነውን ደረጃ አላሟላም ብሎ ስላገደን፣ በእንግዳ ተቀባይነቱ የሚመሰገን ሕዝብ እንግዳውን በሰው ቤት ለመቀበል ተገደደ።

ከዚያ ስድሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው ቡድናችን ይህችኑ ግብፅን፣ በዚያን ዘመን ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሎ ነበር። ይድነቃቸውም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉበት ቀን ድረስ የዚያው ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ በ1949 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት ጥቂት አገሮች አንዷ የነበረችው፣ የመለኪያውን ገመድ ከዘረጉትም አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ፣ በዚያው ገመድ ተለክታ አጥራ ተገኘች ማለት ነው።

ለዚህ ሰበቡ ድህነት ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳና በነቀምቴ የተነሡት ታላላቅ ስታዲየሞች፣ በአዲስ አበባም ከስድሳ ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲየም፣ ለሕንጻ የሚወጣ ገንዘብ ጨርሶ እንዳልጠፋ ይመሰክራሉ። የጎደለው ሌላ ነው። በወንጌል የተጻፈላቸው አምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራት አላጡም፤ መብራታቸውን ይዘው ወጥተው ነበር፤ ያልያዙት ዘይቱን ነው፤ ሙሽራው በመጣ ሰዓትም በሩ ተዘጋባቸው። መንግሥታችን ለኪነ ጥበብ፣ ለባህልና ለስፖርት የሚሰጠውን ገንዘብ በተመለከተ የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ስሕተቱ በመጠኑ ማነስ ላይ ብቻ ሳይሆን በአሰጣጡ ላይ ነው፤ መብራት እንገዛለን፣ ዘይት አንገዛም።

መንግሥት ለእነዚህ ነገሮች ገንዘብ ሊሰጥ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር በሕግ ረገድ ያለቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበባትና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኀላፊነት እንዳለበት ደንግጓል፤ በአንቀጽ 91ም አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲደግፍ አዝዟል። የቀረው ጥያቄ አቅም የፈቀደው ያ ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚለው ነው፤ ለዚህም መልሱን ከሩቅ አገር ሳንዋስ ከገዛ አባቶቻችን ሥርዐት ልናገኘው እንችላለን።

አበው ደብር ሲተክሉ ግድግዳውን አቁመው፣ ጉልላቱን ሰቅለው፣ ታቦቱን አስገብተው ብቻ አይሄዱም ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ባሳነጹ ጊዜ ለካህናቱና ለደብተራዎቹ ጉልት፣ ማለት ገበሬው የሚገብርላቸውን መሬት፣ ሰጥተዋል፤ ዐፄ ኢያሱም ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያለ መተዳደሪያ አልተዉትም። ለዕጣኑና ለዘቢቡ፣ ለመገበሪያው ስንዴ፣ ለሰሞነኛው ቀለብ፣ ለመሪጌታው ሢሳይ የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ ተለይቶና ተቈጥሮ፣ በወንጌሉ ኅዳግ ሳይቀር ይጻፍ ነበር። ድጓውና ዝማሬው፣ አቋቋሙና ቅኔው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው፣ ቆሎ ተማሪው ራሱ ለምኖ ቢያድርም እንኳ፣ የሚያስተምረው መምህር ከወንበሩ ሳይነቀል ዕድሜውን ሙሉ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ቋሚ መተዳደሪያ ስለ ነበረ ነው። ያ ሥርዐት በገበሬው ጫንቃ ላይ የተጣለ ቀንበር እንደ ነበረ መካድ አይቻልም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም ቀንበሩን ሰብሮታል። ይሁን እንጂ ከቀንበሩ ጋር አብሮ የተጣለ አንድ ጥበብ አለ፤ እርሱም ሕንጻ ያለ ሢሳይ አይተከልም የሚለው ሕግ ነው።

ይህ ሕግ በቤተ ክህነት ብቻ የቀረ አልነበረም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸውን ሙዚቃ የሚጫወቱ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ ሲያስመጡ፣ አስቀድመው የወሰኑላቸው የሙዚቃ አዳራሽ ሳይሆን መኖሪያና ደመወዝ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም በጠላት ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን የቀሰቀሰው በሕንጻው ግርማ ሳይሆን በተናጋሪዎቹና በአዝማሪዎቹ አንደበት ነው። ከነጻነት በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ አቋቁመው ሙዚቀኞቻቸውን እንደ ወታደር መዝግበው በየወሩ ደመወዝ ይከፍሏቸው ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ሲሻገር፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ በዚያው በክብር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለም በፖሊስ ሠራዊት ሲዘፍኑ፣ ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» ብሎ የሚያደንቀው ሙዚቃ የተወለደው የወር ደመወዝ ባረጋጋው የልምምድ ሰዓት ውስጥ ነው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ተመርቆ የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን፣ ከፊቱ ከቆመው የድንጋይ አንበሳ ይልቅ ያከበሩት በውስጡ በቋሚነት ተቀጥረው ያደጉት ተዋንያንና ሙዚቀኞች ናቸው።

አሁን ከዚያ ዘመን ወደ እኛ ዘመን እንመለስ። የመንግሥት በጀት በሁለት ከረጢት እንደሚያዝ የታወቀ ነው፤ አንደኛው ለግንባታ የሚሆነው ካፒታል በጀት፣ ሁለተኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ የሚሆነው መደበኛ በጀት ይባላል። በመጀመሪያው የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በሁለተኛው ግን አምፖል ይለወጣል፣ ቧንቧ ይጠገናል፣ ሣር ውኃ ይጠጣል፣ ይህንንም ለመመረቅ የሚመጣ ባለሥልጣን የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንዲት የክልል ከተማ ሄጄ፣ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያልሞላው የባህል አዳራሽ ውስጥ ገብቼ ነበር። በበሩ ላይ የከፈተው ባለሥልጣን ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ያበራል፤ ከውስጥ ግን የኋለኞቹ ወንበሮች ፕላስቲካቸው ገና ሳይገለጥ አቧራ ለብሰዋል፤ ቀዩ የመድረክ መጋረጃ ከግማሽ ላይ ቆሞ አይዘጋም፣ አይከፈትም። የማየውን እንድለይ በስልካቸው መብራት የሚመሩኝን አረጋዊ ጥበቃ መጋረጃው ምን ሆኖ እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «ገመዱ ተበጥሶ ነው፣ የኔ ጌታ፤ ብናመለክት ለገመድ የሚሆን የሒሳብ መደብ የለም አሉን» አሉኝ። ስወጣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ዋርካ ሥር ዐሥር የሚሆኑ ወጣቶች ክብ ሠርተው ቴአትር ሲለማመዱ አገኘሁ፤ አንዲቱ ልጃገረድ የሟች እናት ሆና ስታለቅስ፣ በአጠገቧ የሚያልፈው ባለ ጋሪ ፈረሱን አቁሞ እስኪያዳምጣት ድረስ የምትተውን ነበረች። ለምን ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ብጠይቅ አዳራሹ ለስብሰባ ብቻ እንደሚፈቀድ ነገሩኝ። በሚሊዮን የሚቈጠር የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ቤት ተቈልፎ፣ ቤቱ የተሠራለት ጥበብ በዛፍ ጥላ ሥር ተጠልሎ ማየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ሰው ከሕንጻ በፊት እንደሚቀድም ማስረጃ የሚፈልግ ቢኖር ወደ በቆጂ ይሂድ። ከዚያች ደጋ ከተማ ከወጡት ሯጮች መካከል በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ፤ እነዚህን በለጋ ዕድሜያቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ሜዳው አፈር፣ መሮጫው ጫካና ዳገት ሆኖ ሳለ መንግሥት ለበቆጂ ስፖርት ከሰጠው ሁሉ የበለጠ ፍሬ ያፈራው የዚያ መምህር የወር ደመወዝ ነው። በየሰፈሩ ከካልሲ ኳስ ጠፍጥፈው፣ አራት ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱት ሕፃናትም ከማንም አስቀድመው የሚጠይቁት ስታዲየም ሳይሆን ነገ ሕንጻ የማይበቅልበት አንድ ሜዳና የሚያሠለጥናቸው አንድ ሰው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ክሊኒክና የመጠጥ ውኃ ባልተዳረሰበት አገር ስለ ቴአትር መጋረጃ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ከቅንነት እንደሚናገር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቅንጦት ማለት ገመድ መግዛት ሳይሆን የማይከፈት መጋረጃ ያለበት አዳራሽ መሥራት ነው። ድኻ የሆነ ሰው ላም ሲገዛ ሣሩን አስቀድሞ ያስባል፤ ድርቆሽ ሳያዘጋጅ ላም የሚገዛ ከድህነቱ ላይ ብክነትን ይጨምራል። ስለዚህ ድህነታችን ለጥገና ላለመክፈል ምክንያት ሊሆነን አይችልም፤ ይልቁንም የምንከፍልበት ዋናው ምክንያት እርሱ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ የሚከብድ ነው፤ የሚከፍል ያዛልና፣ በመንግሥት እጅ የሚጎርስ ጥበብ የመንግሥት አፍ ይሆናል የሚል ነው። ታሪካችን ይህን ፍርሃት ያጸናዋል፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች በዘውዱም በደርጉም ዘመን ከመታገድ አላመለጡም። ነገር ግን መድኀኒቱ ሢሳዩን መከልከል ሳይሆን ሢሳዩን ከትእዛዙ መለየት ነው። ጉልት የተሰጠው ደብር ቀለቡን ለመቀበል በየዓመቱ ደጅ አይጠናም ነበር፤ የደብሩን ንብረት የሚጠብቀው ገበዝ የተወሰነውን እየተቀበለ በሥርዐቱ ያስተዳድር ነበር፤ በዚህም ምክንያት ባለ ቅኔው በማኅሌቱ ቆሞ፣ በሰሙ ንጉሡን እያወደሰ በወርቁ ሊገሥጸው ይችል ነበር። ምጽዋትን በየዕለቱ የሚጠብቅ ሰው የሰጪውን ፊት ያያል፤ በሕግ የተወሰነለት ግን ሥራውን ያያል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምክር አጭር ነው። ማናቸውም ስታዲየም፣ ቴአትር ቤት ወይም የባህል አዳራሽ የመሠረት ድንጋዩ ከመጣሉ አስቀድሞ የዐሥር ዓመት መተዳደሪያው ተሰልቶ በሕግ ይወሰንለት፤ ሣር ተንከባካቢውና የመብራት ባለሙያው፣ አሠልጣኙና የቴአትር አዘጋጁ ከሕንጻው ዕቅድ ጋር አብረው ይታቀዱ። አዳራሹ ለሰርግና ለስብሰባ ተከራይቶ የሚያስገባው ገንዘብ ለራሱ ለአዳራሹ ጥገና ይዋል። አስተዳደሩም ከባለሥልጣን፣ ከባለሙያና ከአካባቢው ሕዝብ ለተውጣጣ፣ እንደ ጥንቱ ገበዝ ተጠሪነቱ ለቤቱ ለሆነ ጉባኤ ይሰጥ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባህልና ስፖርት በአንድ ሚኒስቴር ሥር ስለ ተጠቃለሉ፣ ይህን ሥርዐት ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ለመደንገግ ከዛሬ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ስፍራ ካለ ደግሞ ታላቁን ሕንጻ ትቶ፣ በዚያው ገንዘብ በየወረዳው አንድ ሜዳና አንድ አሠልጣኝ ማቆየት ይበልጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በአንዲት ትንሽ ነገር እንድንጀምር እለምናለሁ። በየሕንጻው በር ላይ በሚለጠፈው እብነ በረድ፣ ከመራቂው ስም ቀጥሎ፣ ቤቱ በየዓመቱ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስፈልገውና ያን ወጪ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ማን እንደ ሆነ አብሮ ይቀረጽ። አባቶቻችን የደብሩን መተዳደሪያ በወንጌሉ ኅዳግ የጻፉት እንዳይረሳ ነው፤ እኛም በድንጋይ ከጻፍነው፣ የመጋረጃው ገመድ በተበጠሰ ጊዜ እነዚያ አረጋዊ ጥበቃ ጣታቸውን ወደ እብነ በረዱ ቀስረው የሚያሳዩት ነገር ይኖራቸዋል።