እፉኝት በመጋዘን ደጃፍ

በከተማ የሚኖር ሰው ስለ እባብ ሲወራ ነገሩን የባላገር ጉዳይ አድርጎ ይሰማዋል። የጅቡቲ ከተማ ግን ይህን አሳብ አትደግፍም። ከተማይቱ በባሕርና በደረቅ ምድር መካከል የተቀመጠች ናት። በአጠገብዋ ያለው የአምቡሊ ወንዝም አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይቈይና ዝናም በጣለ ጊዜ ድንገት ሞልቶ ይወርዳል፤ በ2004 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጐርፍ ለዚህ ምስክር ነው። ጐርፍ ደግሞ ሰውን ብቻ ሳይሆን በጕድጓድ የሚኖረውንም ሁሉ ከቤቱ ያስወጣል።

በዚያ አገር ከሚያሠጉት እባቦች አንዱ በሊቃውንት ዘንድ ኤኪስ የሚባለው እፉኝት ነው። ቁመቱ ከአንድ ክንድ እምብዛም አያልፍም፤ መልኩ አሸዋ ይመስላል፤ ሲቈጣ ቅርፊቱን እያፋተገ የመጋዝ ድምፅ ያሰማል፤ የሚያድነውም በሌሊት ነው። መርዙ ደም እንዳይረጋ ስለሚከለክል የተነደፈው ሰው ከድዱና ከቍስሉ ይደማል።

ይህ አውሬ ወደ ሰው የሚቀርበው ሰውን ሽቶ አይደለም። እህል በፈሰሰበት አይጥ ይበዛል፤ አይጥ በበዛበት እባብ ይከተላል። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ስለ ሆነ፥ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዶራሌ ሁለገብ ወደብና በዙሪያው ያሉት መጋዘኖች ለዚህ ነገር የተጋለጡ ናቸው። የተበጠሰ ጆንያ፥ የተከመረ እንጨት፥ መብራት የሌለው ጓሮ፥ እነዚህ ሁሉ ለእፉኝት የተዘረጋ ምንጣፍ ናቸው። ለአደጋው የቀረበውም ባለዕቃው ሳይሆን በባዶ እግሩ የሚሸከመው ኵሊ፥ በሌሊት የሚዞረው ዘበኛ፥ ከካሚዮኑ ሥር የሚተኛው ረዳት ነው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደ ተባለው ድንጋጤ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የተነደፈውን እግር መብጣት፥ መምጠጥ፥ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጕዳቱን ያብሳል። የሚገባው በሽተኛውን አረጋግቶ፥ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ሐኪሙም ጥቂት ደም በንጹሕ የመስተዋት ብልቃጥ አኑሮ 20 ደቂቃ ቢጠብቅ፥ ደሙ ሳይረጋ ከቀረ መርዙ መሥራቱን ያውቃል። በጅቡቲ የፈረንሣይ ጦር ሆስፒታል የሠሩ ሐኪሞች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የመርዝ ማርከሻው ዘግይቶ ቢሰጥም እንደሚጠቅም አስረድተዋል።

ታዲያ ማርከሻው ከየት ይገኛል? ሳኖፊ የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ ለአፍሪቃ እባቦች ያዘጋጀው የነበረውን ማርከሻ ትርፍ የለውም ሲል በ2014 እ.ኤ.አ. መሥራቱን አቆመ። ለሕንድ እባብ የተሠራውም ለአፍሪቃው እፉኝት አይበቃም፤ ስለዚህ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ለየትኛው እባብ እንደ ተሠራ የተጻፈውን ማየት ይገባዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ ንድፊያ ይሞታሉ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣውም ዕቅድ ሞትንና አካል መጕደልን እስከ 2030 ድረስ በግማሽ ለመቀነስ አስቧል።

አንዳንዱ ነጋዴ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ለእሳት ማጥፊያና ለዕቃው ኢንሹራንስ ያለማጕረምረም የሚከፍል ሰው፥ ዕቃውን ለሚሸከመው ሰው ሕይወት ጥቂት ቢጨምር አይከስርም። የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ በወደቡ የሚጠቀሙ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ተስማሚው ማርከሻ ከከተማይቱ ሆስፒታል እንዳይጠፋ ያድርጉ። ባለመጋዘኖችም የፈሰሰውን እህል በየማታው ያስጠርጉ፤ ለዘበኛው ፋኖስና ጫማ ይስጡ፤ በሌሊት ሰው የሚያደርስ አንድ መኪና ያዘጋጁ። አስተዳዳሪዎችም ይህን የማይፈጽም መጋዘን ፈቃዱ እንዳይታደስ ይደንግጉ።