ሽሮ ቤቷ ወዴት ሄደች?

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ታፔላ እንኳ ያልነበራቸው ብዙ ምግብ ቤቶች ከደንበኞቻቸው ተጠፋፍተዋል። ድሮስ ያገኘናቸው በማስታወቂያ መች ሆነና! «በጓሮ በኩል ግባና ተጋቢኖ እዘዝ» ባለን ወዳጅ ነው።

ይህ እትም እንዲህ ያለውን ጥቆማ ሰብስቧል፦ ረቡዕና ዓርብ የማይሰለች በያይነቱ የት ይገኛል? ፉሉ ሳያልቅ ጠዋት በስንት ሰዓት መድረስ ይበጃል? «ለብ ለብ» ተብሎ የታዘዘ ክትፎ በእርግጥ ለብ ለብ ብሎ የሚቀርበውስ የት ነው? ዋጋ ያልጠቀሰ ጥቆማ አላስተናገድንም፤ «ርካሽ ነው» ለሁሉም ኪስ እኩል አይደለምና።

«ሰው ይበዛበታል» ብላችሁ የምትወዱትን ቤት የምትደብቁ ወገኖች፣ ባለቤቷ ኪራይ እንዳለባት አስቡላት። ጥቆማችሁን ከነሰፈሩና ከነዋጋው ላኩልን።