ራዳር ያየውን መቁጠር ለምን ይከብዳል?

ድሮኖች በመንጋ በሚላኩበት በዚህ ዘመን፣ የአየር መከላከያ ፈተና የሚመጣውን ማየት ብቻ ሳይሆን ብዛቱን ማወቅም ጭምር ነው። ራዳር እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ተመላሹን ይለካል። አውሮፕላኖች ተቀራርበው ሲበሩ ነጸብራቃቸው ተደርቦ እንደ አንድ ይታያል፤ ምልክቱም አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1940 የብሪታንያ ራዳር ሠራተኞች የጀርመን አውሮፕላኖችን ብዛት ይገምቱ የነበረው ከዚሁ መዋዠቅ ተነሥተው ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 በሃዋይ ሁለት ወታደሮች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያልተለመደ ግዙፍ ምልክት አዩ። በስልክ ሲያሳውቁ ግን ግዝፈቱ ክብደት አልተሰጠውም፤ መኮንኑ ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁ ጥቂት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች መሰሉት። የመጡት ግን ፐርል ሃርበርን የመቱት 183 የጃፓን አውሮፕላኖች ነበሩ። ዛሬም «ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ ማስጠንቀቂያው ሙሉ አይሆንም።