ለአንድ ጉበት ሁለት ጊዜ ሲቲ ስካን ለምን እንከፍላለን?

የመቂ ነዋሪ የሆነ አጎቴን ይዤ አዳማ ላይ የተንከራተትኩበት ሰሞን አይረሳኝም። የአልትራሳውንዱ ወረቀት “በጉበት ቀኝ ክፍል 4 ሴንቲ ሜትር እባጭ” ይላል። በሬ ተሸጦ ሲቲ ስካን ተነሣ። ፊልሙን አዲስ አበባ ስናደርስ ሐኪሙ “ይኼ አይበቃም፣ በየደረጃው መነሣት ነበረበት” አለን። ገንዘቡም ሦስት ሳምንቱም ባከነ።

ለመሆኑ “በየደረጃው” ማለት ምን ማለት ነው? ጤነኛ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ፖርታል ቬይን ነው። የጉበት ካንሰር ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከአርተሪው ነው። ስለዚህ ኮንትራስት በክንድ ተወግቶ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው እባጩ ከዙሪያው ይልቅ ደምቆ ይታያል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላና በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ደግሞ ከጉበቱ ይልቅ ይጠቁራል። አንዴ ብቻ የተነሣ ምስል ይህንን መድመቅና መጥቆር አይዝም። ሄማንጂዮማ የሚባለው የደም ሥሮች እባጭ በበኩሉ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይሞላል። እሱ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ሕክምና አያሻውም። ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው።

ሲርሆሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት አዋቂ ላይ ምልክቱ አሟልቶ ከታየ፣ ያለ ባዮፕሲ ካንሰር ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣው ላይራድስ የተባለ የአነባበብ ሥርዓትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሲቲው ካልቆረጠ ኤምአርአይ በእባጩ ውስጥ ያለውን ስብና የውኃ እንቅስቃሴ በማሳየት ያግዛል። አልትራሳውንድ ያገኛል፣ ሲቲና ኤምአርአይ ይለያሉ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

የስምጥ ሸለቆው ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በወንጂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ የቆየው ቢልሃርዚያ በጉበት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ይህ ጠባሳ ግን ከሲርሆሲስ የተለየ ነው። በመሆኑም ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ሕመምተኛው የት እንደኖረና የሄፓታይተስ ምርመራው ምን እንዳለ ካላወቀ ሊሳሳት ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ገና ሠርቶ የሚያድር ጎልማሳ ነው፤ ችግሩ ነገ የሚያልፍ አይደለም።

በእኔ እምነት መፍትሔው ማሽን መግዛት ብቻ አይደለም። የምርመራ ማዘዣው “ጉበት፣ ባለ ብዙ ደረጃ” ብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ የሄፓታይተስና የኩላሊት ምርመራ ውጤት አብሮ ይያያዝ፤ የሚያነሣው ባለሙያ ሰዓቱን ጠብቆ ማንሣትን ይሠልጥን። ለካንሰር የተጋለጡ የሄፓታይተስ ሕመምተኞች ደግሞ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይታዩ፤ እባጩ ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና የማውጣት ዕድል አለና።

አንድ መስመር ጽሑፍ በማዘዣ ላይ መጨመር ምንም ወጪ የለውም። ያ መስመር በመጉደሉ የወጣው ወጪ ግን የአንድ ገበሬ በሬ ነበር።