ወደ አገር ቤት የምንልከው ኮምፒውተር ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ኮምፒውተሮች «አይመጥኑም» ተባሉ። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ሊኑክስ ጭኖበት፣ አገር ለሚገባ ሰው አስይዞ ለዘመድ ተማሪ መላክ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ሳይነገር የሚያልፍ ነገር አለ።

ሊኑክስ እምቢ ሲል ሁሉም ሊኑክስን ይወቅሳል። እኔ እንዳየሁት ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሥር፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ባዮስ ውስጥ ነው። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳ ፕሮግራም ነው። የበሩ ዘበኛ በሉት፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው እሱ ነው።

ለምሳሌ አንዳንድ ላፕቶፖች ከፋብሪካ የሚወጡት ዲስካቸው «ሬይድ» በተባለው አሠራር ተስተካክሎ ነው። የሊኑክስ መጫኛ ዲስኩን ጭራሽ ላያየው ይችላል። ባዮስ ገብቶ ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር ነው መፍትሔው። መቀየሪያው ከሌለስ? እ.ኤ.አ. በ2016 አንዳንድ የሌኖቮ ዮጋ 900 ገዢዎች የገጠማቸው ይኸው ነበር። ኩባንያው አዲስ ባዮስ ያወጣላቸው ብዙ ቅሬታ ከተሰማ በኋላ ነው።

ጥፋቱ የአምራቾች ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ኡቡንቱ 17.10 የአንዳንድ ላፕቶፖችን ባዮስ በማበላሸቱ ካኖኒካል ለጊዜው እንዳይወርድ አድርጎት ነበር። «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው ጥበቃም ቢሆን ጠላት አይደለም፤ ኡቡንቱና ፌዶራ እሱ ሳይጠፋ ይነሳሉ። ጥበቃ መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው ባለቤቱ በገዛ ንብረቱ ላይ መወሰን ሲያቅተው ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ከቢሮ የወጣና የባዮስ ፓስወርድ ያለበት ላፕቶፕ ነው። በብዙዎቹ ላይ ባትሪ መንቀል ፓስወርዱን አያጠፋውም፤ ማዘርቦርድ እስከ ማስቀየር ያደርሳል። እዚህ ወደ ቀድሞው ባለቤት ስልክ ደውለን እንጨርሰው ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ግን ማንን ይጠይቃል? ማዘርቦርዱንስ በምን ገንዘብ ያስቀይራል?

ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ምሽት እንስጠው። የባዮስ ፓስወርዱን እናጥፋ። ብዙ አምራቾች የባዮስ ማሻሻያ የሚያወጡት በዊንዶውስ ፕሮግራም መልክ ስለሆነ፣ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችን በፊት እናድሰው። ከዚያ ሊኑክስን ሳንጭን ከፍላሽ አስነስተን ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን እንሞክር። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱንም እንይ። አዲስ የምንገዛም ብንሆን፣ ከመክፈላችን በፊት ሞዴሉ ከሊኑክስ ጋር ይስማማ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ገዢ ካልጠየቀ አምራቹ ምን አስጨነቀው?

ስጦታ ብለን ራስ ምታት አንላክ። ኮምፒውተሩን የሰጠነው ሰው ቁልፉንም አብሮ ማግኘት አለበት።