ዓይናችን ጠገበ፣ ታሪኩስ?

ሰሞኑን ተሰብስበን «ትራንስፎርመርስ» ክፍል ሁለትን እንደገና አየነው። ማይክል ቤይ በ2009 (በፈረንጅ ነው እንግዲህ፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚያው) ያወጣውን። ሁለት ሰዓት ተኩል! ሲያልቅ አንዳችን «ቆይ፣ ሳም ያንን ቁልፍ ፍለጋ ዮርዳኖስ ድረስ የሄደው ለምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እርስ በርስ ተያየን። አምስት ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ በቅጡ የሚያስረዳ ጠፋ።

እንዳንዋሽ፣ ዓይን ያጠግባል። ግንባታ ቦታ የምናያቸው ኤክስካቫተርና ገልባጭ መኪና ሁሉ ተገጣጥመው ዴቫስቴተር የሚባል ግዙፍ ሮቦት ይሆኑና የጊዛን ፒራሚድ ወጥተው ድንጋዩን ይገነጣጥሉታል። እያንዳንዷ ብሎን ስትዞር ትታያለች። (አዲስ አበባ ውስጥ ቁፋሮ አጥር ላይ ተደግፎ ብቻውን የሚስቅ ካያችሁ ከእኛው አንዱ ነው።)

ታሪኩ ላይ ስንመጣ ግን ጉድ ነው። ሳምና ጓደኞቹ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም በጓሮ በር ሲወጡ ራሳቸውን አሪዞና በረሃ ላይ ያገኙታል። ከስድስት ኪሎ ሙዚየም ወጥቶ ዳሎል እንደመገኘት በሉት። መንትዮቹ ሮቦቶችማ አይነሱ! አንዱ የወርቅ ጥርስ አለው፣ ማንበብ አንችልም ይላሉ፣ አነጋገራቸው የጥቁር አሜሪካውያን ማላገጫ ነው። እኛ ልንስቅ አልቻልንም።

ለነገሩ ሰበብ አላቸው። ከኅዳር 2007 እስከ የካቲት 2008 የሆሊውድ ጸሐፊዎች ለ100 ቀን አድማ መትተው ነበር። ቤይም በኋላ አመነ፤ አድማው ሳይጀመር በሦስት ሳምንት ውስጥ ታሪክ አምጡ ተብሎ የተጣደፈ ሥራ ነው። ሮቦቶቹን ለመሥራት ግን ጊዜ አልጠፋም።

«አቦ አክሽን ነው፣ ታሪክ ምን ያደርጋል?» የምትሉን አላችሁ፣ እናውቃችኋለን። እስቲ የጫካውን ውጊያ አስታውሱ። ኦፕቲመስ ፕራይም ብቻውን ለሦስት ይገጥማል፣ ሳምን ለማዳን ሲል ሜጋትሮን ከጀርባው ወግቶ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ፈንዲሻ የሚቆረጥም እንኳ አልነበረም። ፒራሚዱ ሲፈርስ ግን ሁለታችን ስልካችንን እያየን ነበር። የኮምፒውተሩ ጥበብ በሁለቱም ቦታ ያው ነው። ጫካው ውስጥ ግን ማን ለማን እንደሚሞት ይገባናል፣ ፒራሚዱ ላይ ማን ማንን እንደሚመታ እንኳ መለየት አቃተን። «ተርሚኔተር 2» በ1991 የወጣ ክፍል ሁለት ነው፤ ፈሳሹ ብረት ዛሬም ያስደንቃል፣ እኛ ግን የምናስታውሰው ልጁ ከማሽኑ ሲሰናበት ነው።

እና ምን ሆነ? በ2010 ፊልሙ የዓመቱ መጥፎ ፊልም ተብሎ የራዚን ሽልማት ወሰደ፤ ዳይሬክተሩና ጽሑፉም አልቀረላቸውም። በ200 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ደግሞ ከ830 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ታዲያ ለስክሪፕት ማን ይጨነቅ? ሦስተኛው በ2011 ተከተለ፣ ከዚያም አራተኛው፣ አምስተኛው...

መቼስ መውቀስ ይቀላል። እኛም ብንሆን ለሁለተኛ ጊዜ አየነው አይደል?